ያ ቁጥር ከየት መጣ? የክሮማቶግራፊ ሶፍትዌርን ቫሊዴት ማድረጊያ መመሪያ

በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት) ይለቀቅ ወይስ ይወገድ የሚለውን የሚወስነውን ቁጥር ዛሬ የሚያወጣው ሰው አይደለም። በናሙናው ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለያየው የክሮማቶግራፊ መሣሪያ፣ የኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ማሽኑ፣ ሲግናል ይልካል፤ ሶፍትዌሩ በሲግናሉ ላይ ፒኩን (የመድኃኒቱን ጉብታ) ለይቶ በጉብታው ሥር ያለውን ስፋት ይለካል፣ ንጽሕናው ከታወቀው ማነጻጸሪያ፣ ከስታንዳርዱ፣ ጋር ያነጻጽራል፣ በመጨረሻም «98.6 በመቶ» ብሎ ያትማል። ፓምፑንና ዲቴክተሩን በየጊዜው ካሊብሬት ሳናደርግ እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች ቁጥሩን የሚያወጣውን ሶፍትዌር ግን «የታወቀ ኩባንያ ነው የሠራው» ብለን እናልፈዋለን።

ቫሊዴሽን ይህን ማለፍ የሚያስቀር ሥራ ነው። ሲስተሙ በእናንተ ላቦራቶሪ፣ በእናንተ ባለሙያዎች እጅ፣ ለእናንተ ሥራ በትክክል እንደሚሠራ፣ ውጤቱም ዱካ ሳይተው ሊለወጥ እንደማይችል በማስረጃ ታሳያላችሁ። የሚከተለው አሠራር ብዙ የኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ማሽኖችን ከአንድ ሰርቨር ጋር ያገናኘ የክሮማቶግራፊ ዳታ ሲስተምን ምሳሌ ያደርጋል። ሌላ ሲስተም ያላችሁም አካሄዱን መውሰድ ትችላላችሁ።

ስለ ደንቦቹ ጥቂት ልበል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ ኤሌክትሮኒክ መዛግብትና ፊርማ ያወጣው «ክፍል 11» የሚባለው ደንብ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የአውሮፓው «አባሪ 11» በ2011 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቫሊዴሽን መመሪያ ውስጥ ለኮምፒውተር ሲስተሞች አንድ ክፍል ሰጥቷል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ዳታ ታማኝነት ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል። «ጋምፕ 5» የሚባለው የኢንዱስትሪው መመሪያ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ሁለተኛ እትሙ በ2022 ታትሟል። ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው የማመለክተው የዓለም ጤና ድርጅትን ሁለት ሰነዶች ነው፤ በነፃ ይገኛሉ፣ አጫጭር ናቸው። ጋምፕ በገንዘብ የሚገዛ ወፍራም መጽሐፍ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ቁጠሩ

ማንኛውንም ሰነድ ከመጀመራችሁ በፊት ደብተር ይዛችሁ ላቦራቶሪውን ዙሩ። ስክሪን ወይም ሜሞሪ ያለውን ሁሉ መዝግቡ፦ ኤች.ፒ.ኤል.ሲ.፣ ዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ የሟሟት መመርመሪያው፣ ካርል ፊሸር (የእርጥበት መለኪያው)፣ ከፕሪንተር ጋር የተያያዘው ሚዛን፣ የማቀዝቀዣዎቹ የሙቀት መመዝገቢያ። ኤክሴልን አትርሱ፤ በብዙ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ከማሽኖቹ ሁሉ ይበልጥ ባች የሚያስለቅቀው እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ስሙን፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ ኃላፊውን፣ ምን ውሳኔ እንደሚመሠረትበትና ዳታው የት እንደሚቀመጥ ጻፉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። የሦስት ዓመት ጥሬ ዳታ መጠባበቂያ ቅጂ በሌለው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ መድቡ። በጋምፕ አመዳደብ ዊንዶውስና ዳታቤዙ ምድብ 1 ናቸው። እንደተገዛ የሚሠራ፣ ምንም የማይስተካከል ሶፍትዌር ምድብ 3 ነው። እንደ ድርጅቱ ፍላጎት የሚስተካከለው ምድብ 4፣ ለእናንተ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ምድብ 5 ነው። ምድብ 2 የት ገባ ለሚል አንባቢ፦ በማሽኑ ውስጥ ለተቀበረ ሶፍትዌር የተሰጠ ምድብ ነበር፤ በአምስተኛው ቨርዥን ተሰረዘ። የክሮማቶግራፊ ሲስተማችን ምድብ 4 ነው። ጎረምሳው ባለሙያችሁ በማክሮ (በፋይሉ ውስጥ በተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ያቀናበረው የኤክሴል ፋይል ግን ምድብ 5 ነው፣ ከሚሊዮን ብሩ ሶፍትዌር የበለጠ ጥርጣሬ ይገባዋል።

ደረጃ 2፦ የምትፈልጉትን ጻፉ

የተጠቃሚ ፍላጎት ሰነድ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው፤ በኋላ የምትፈትኑት እዚህ የጻፋችሁትን ነውና። «ሲስተሙ አስተማማኝና ለአጠቃቀም ቀላል መሆን አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ሊፈትነው አይችልም። እንዲህ ጻፉ፦

«ፍላጎት 14፦ በተንታኝነት የተመዘገበ ተጠቃሚ ጥሬ ዳታ መሰረዝ አይችልም።»

«ፍላጎት 15፦ አንድ ውጤት እንደገና ሲሰላ የቀድሞው ውጤት አይጠፋም፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳሰላው ይመዘገባል።»

«ፍላጎት 22፦ በሥራ መሐል የኔትወርክ ግንኙነት ቢቋረጥ ዳታው አይጠፋም፤ መቋረጡም ይመዘገባል።»

እያንዳንዱ ፍላጎት ቁጥር ይኑረው፤ አንድ ፍላጎት አንድ ነገር ብቻ ይናገር። ከሃምሳ በላይ ከሆነ ምናልባት የአቅራቢውን ብሮሹር እየገለበጣችሁ ነው። ሰነዱን የሚጽፈው ማሽኑ ላይ የሚውለው ሰው ይሁን። የጥራት ማረጋገጫ ክፍሉ ያጸድቃል እንጂ አይጽፍም።

ደረጃ 3፦ አቅራቢው የሚሰጠውን ከማይሰጠው ለዩ

አቅራቢው የተከላና የአሠራር ማረጋገጫ ሰነዶችን አዘጋጅቶ ይመጣል፤ የላከው መሐንዲስም በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም «አልፏል» አድርጎ ያስፈርማችኋል። ይህ ሰነድ ጠቃሚ ነው፤ ሶፍትዌሩ በትክክል መጫኑንና መሠረታዊ ሥራዎቹን መሥራቱን ያሳያል። የማያሳየው የእናንተን አቀማመጥ ነው፦ የእናንተን ተጠቃሚዎች፣ ሥልጣናቸውን፣ የስሌት ቀመራችሁን፣ የሪፖርት ቅጻችሁን። አቅራቢው የፈተነውን ደግማችሁ አትፈትኑ። ሰነዱን አንብባችሁ፣ ከፍላጎታችሁ ውስጥ የትኛውን እንደሸፈነ ምልክት አድርጉና የቀረውን ብቻ ለራሳችሁ ያዙ። ሳያነቡ መፈረም ግን የለም። መርማሪ መጥቶ «ይህ ገጽ ምን ይላል?» ሲል የፈረመው ሰው ቢንተባተብ ከሰነድ አለመኖር ይብሳል።

ደረጃ 4፦ ሥጋቱን መዝኑ

ለእያንዳንዱ ፍላጎት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ይህ ቢበላሽ የምርመራው ውጤት ይዛባል? ከተዛባ በሽተኛው ላይ ይደርሳል? ብልሽቱስ ለዓይን ይታያል ወይስ ተደብቆ ይቀራል? የሦስተኛው መልስ ትልቁን ክብደት ይያዝ። ፕሪንተሩ እምቢ ቢል ሁሉም ያየዋል፤ ቀመሩ ውስጥ የገባ የተሳሳተ የንጽሕና ቁጥር ግን ለዓመታት ማንም ሳያየው ባች ያስለቅቃል። ለመጀመሪያው አንድ መስመር ይበቃዋል። ሁለተኛውን ከየአቅጣጫው ፈትኑት።

ደረጃ 5፦ ተጠቃሚ፣ ሥልጣን፣ ሰዓት

ብዙው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፣ ብዙው ጥፋት የሚገኘውም እዚሁ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ላቦራቶሪ እንድገመግም ተጠርቼ አራት ባለሙያዎች በአንድ የአስተዳዳሪ ስም ሲሠሩ አገኘሁ። ይለፍ ቃሉ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከስክሪኑ ግርጌ ተለጥፏል። ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን የለውጥ መዝገብ ስከፍት የሁለት ዓመት ሥራ በሙሉ በአንድ ስም ተመዝግቦ ነበር፤ ስሙም የማንም አልነበረም። ውጤቶቹ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማን እንደሠራቸው ግን ከእንግዲህ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ስለዚህ፦ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና ይለፍ ቃል ይኑረው። ሥልጣኑን ቢያንስ በአራት ክፈሉት። ተንታኝ ናሙና ያስኬዳል፣ ያሰላል። ገምጋሚ ይመለከታል፣ ያጸድቃል። ሦስተኛው የመመርመሪያ ዘዴዎችን ያስገባል፣ ያስተካክላል። አስተዳዳሪው ተጠቃሚ ይመዘግባል፣ ሥልጣን ይሰጣል። አስተዳዳሪው በውጤቱ ምንም ጥቅም የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ከአይ.ቲ. ክፍል ይሁን። ላቦራቶሪው ትንሽ ሆኖ ሰው ካጣችሁ ያው ሰው ሁለት ስም ይያዝ፤ በአስተዳዳሪ ስሙ ናሙና ማስኬድ ግን በሲስተሙ ይከልከል። የዊንዶውሱንም በር ዝጉ፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ መሰረዝ የተከለከለ ሰው የዳታውን ፎልደር ከውጭ ከፍቶ ከሰረዘው ክልከላው ለይስሙላ ነው።

ኦዲት ትሬይል የሚባለውን የለውጥ መዝገብ ክፈቱት፣ ለለውጥ ምክንያት መጻፍን ግዴታ አድርጉት፣ መዝጋቱንም ከሁሉም ተጠቃሚ አንሡት። በ2005 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ የነበረው ኤብል ላቦራቶሪስ መድኃኒቶቹን በሙሉ ከገበያ የሰበሰበውና በዚያው ዓመት የከሰረው ያልተሳኩ የምርመራ ውጤቶች ወደ «አልፏል» ሲለወጡ እንደኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው። መዝገብ ያለው ሲስተም መግዛት ብቻውን አያድንም፤ የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ይህ የእኛው አገር ጉዳይ ነውና የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ባለሙያችን በማሽኑ መዝገብ ደብተር ላይ «28/01/2018፣ 8፡15» ብሎ በእጁ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ያንኑ ኢንጀክሽን (ናሙናው ወደ ማሽኑ የገባበትን) «08/10/2025፣ 14፡15» ብሎ መዝግቦታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መስከረም 28 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። የውጭ መርማሪ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ በቀኑ የዓመታት፣ በሰዓቱም የስድስት ሰዓት ልዩነት ያያል። ይባስ ብሎ ሌላኛው ኮምፒውተር ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ያው ቀን «10/08/2025» ተብሎ ይወጣና ነሐሴ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በላቦራቶሪው ውስጥ በእጅም ሆነ በኮምፒውተር የሚጻፍ የጂ.ኤም.ፒ. (የመልካም አመራረት አሠራር) መዝገብ ሁሉ በየትኛው ዘመን አቆጣጠርና በየትኛው ሰዓት እንደሚጻፍ በመደበኛ የአሠራር መመሪያ ወስኑ፤ ወሩን በፊደል ጻፉ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ከአንድ ሰርቨር ሰዓት ይውሰዱ፣ የሰዓት ቀጠናው የአዲስ አበባ ይሁን፣ ሰዓቱንና ቀጠናውን መለወጥም ለተንታኞች ይከልከል።

የወሰናችሁትን አቀማመጥ ሁሉ አንድ በአንድ በሰነድ አስፍሩ። ሲስተሙ ነገ ቢፈርስ ከዚያ ሰነድ ተነሥታችሁ እንደገና ልትሠሩት ይገባል።

ደረጃ 6፦ ተከላውን አረጋግጡ

ይህ አጭር ነው። የቨርዥን ቁጥሩ፣ የሰርቨሩና የኮምፒውተሮቹ ዓይነት፣ ፈቃዱ፣ የማሽኖቹ መለያ ቁጥር፣ የኔትወርክ አድራሻው ከሰነዱ ጋር ይስማማል? የስክሪን ቅጂ አንሡ፣ ፈርሙ፣ ቀጥሉ።

ደረጃ 7፦ ፈትኑ፣ እንዲወድቅም ሞክሩ

እያንዳንዱ ፈተና አራት ነገር ይኑረው፦ የትኛውን ፍላጎት እንደሚፈትን፣ የሚሠራውን እርምጃ፣ አስቀድሞ የተጻፈ የሚጠበቅ ውጤት፣ በሥራው ሰዓት የተጻፈ የታየ ውጤት። የሚጠበቀውን ከፈተናው በኋላ የጻፈ ሰው ፈተና አልሠራም።

የተከለከለውን ሞክሩ። በተንታኝ ስም ገብታችሁ ፋይል ለመሰረዝ ሞክሩ፤ በተሳሳተ ይለፍ ቃል አምስት ጊዜ ግቡ፤ የተፈረመ ውጤት ለመለወጥ ሞክሩ። «ይሠራል» የሚለውን ብቻ የሚያሳይ ፕሮቶኮል (የፈተና ሰነድ) ግማሽ ፕሮቶኮል ነው።

ፍላጎት 22ን እንዴት እንደምትፈትኑ በቅርብ እንየው። አሥር ኢንጀክሽን ያለው ሥራ አስጀምሩ። አራተኛው እየሄደ ሳለ ማሽኑን ከሚያዘው ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ፤ ሰዓቱን ጻፉ። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። የሚጠበቀው፦ አራተኛው ክሮማቶግራም (ማሽኑ የላከው የሲግናል ሥዕል) ክፍተት ሳይኖረው ወደ ሰርቨሩ ይገባል፣ ተከታዮቹ ይቀጥላሉ፣ መዝገቡ መቋረጡንና መመለሱን ከእናንተ ሰዓት ጋር በሚስማማ ሰዓት ያሳያል። ቀጥሎ ያንኑ በመብራት ፈትኑ። መብራት በሚሄድበት አገር ይህን ፈተና መዝለል አያስኬድም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለውን ክፍተት መጠባበቂያ ባትሪው መሸከሙን፣ ካልተሸከመም ሲስተሙ ስለ ተቋረጠው ኢንጀክሽን ምን እንደሚል ማወቅ አለባችሁ። «ያልተሟላ» ብሎ ከመዘገበው መልካም። ጎዶሎውን ክሮማቶግራም እንደ ሙሉ ካሰላው ግን ትልቅ ግኝት አግኝታችኋል።

ስሌቱን በእጅ አረጋግጡ። የናሙናው ፒክ ስፋት 1,237,500፣ የስታንዳርዱ 1,250,000 ነው እንበል፤ የተመዘኑት መጠኖች እኩል ናቸው፣ የስታንዳርዱ ንጽሕና 99.6 በመቶ ነው። ሬሾው 0.990 ይሆናል፤ በ99.6 ሲባዛ 98.604፣ ተጠጋግቶ 98.6 በመቶ። ሲስተሙም ይህንኑ ማለት አለበት። ከዚያ ከድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ቁጥሮችን፣ ባዶ ቦታን፣ በቁጥር ፋንታ ፊደልን አስገቡ።

ደረጃ 8፦ በእውነተኛ ሥራ ላይ

እስካሁን የፈተናችሁት ክፍል በክፍል ነበር። አሁን በየቀኑ የምትሠሩትን አንድ ምርመራ ከናሙና ምዝገባ እስከ ጸደቀ ሪፖርት ድረስ፣ በተለያዩ ባለሙያዎች፣ በራሳችሁ የአሠራር መመሪያ አስኬዱ። መመሪያው ገና ካልተጻፈ እዚህ ላይ ቁሙ። ሰዎቹም ከዚህ በፊት ሥልጠና ወስደው መፈረም አለባቸው።

የመጠባበቂያ ቅጂውንም እዚህ ፈትኑ። ቅጂ መውሰድ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መመለሱን ካላያችሁ ቅጂ እንዳላችሁ አታውቁም። አንድ የሙከራ ፕሮጀክት ሰርዙ፣ ከቅጂው መልሱት፣ ክሮማቶግራሙ ብቻ ሳይሆን የመመርመሪያ ዘዴው፣ ፊርማውና የለውጥ መዝገቡ አብረው መመለሳቸውን ተመልከቱ። በፒ.ዲ.ኤፍ. የተቀመጠ ሪፖርት ቅጂ አይባልም፤ ፒኩን ከእርሱ እንደገና ማስላት አይቻልምና።

የወደቀ ፈተና ሲያጋጥም

ይወድቃል፤ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ያለፈበት ፕሮቶኮል እኔን ያሳስበኛል። የወደቀውን አትሰርዙ፣ ገጹን አትለውጡ። የልዩነት መዝገብ ክፈቱና ምን ሆነ፣ ለምን፣ ውጤቱን ይነካል ወይ፣ ምን ተደረገ ብላችሁ ጻፉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፈተናው አጻጻፍ ነው፤ ያም ቢሆን ይመዘገባል። ሊስተካከል የማይችል ጉድለት ከሆነ፣ ለምሳሌ የቆየ ሶፍትዌር ምክንያት የማይጠይቅ ከሆነ፣ ክፍተቱን በአሠራር ሙሉት፤ ሁለተኛ ሰው በየለውጡ ይፈርም፣ ሲስተሙ የሚተካበት ቀንም ይቆረጥ።

ኤክሴልን ለብቻው

አንድ ወጥመድ ብቻ ላሳይ። ገደቡ ከ95.0 እስከ 105.0 በመቶ ነው። ስሌቱ 94.96 ሰጠ። ሴሉ አንድ ዴሲማል እንዲያሳይ ስለተደረገ «95.0» ብሎ ይታያል፤ ከጎኑ ያለው ሴል ግን «ወድቋል» ይላል። ኤክሴል የሚያሳየው የተጠጋጋውን ሲሆን የሚያነጻጽረው ግን ያልተጠጋጋውን ነውና። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ውጤቱ ወደ ገደቡ ዴሲማል ተጠጋግቶ እንዲነጻጸር ያዛል፤ ስለዚህ ይህ ናሙና ያልፋል። ቀመሩ ውስጥ የራውንድ ትእዛዝ ማስገባት ያስፈልጋል፣ ዴሲማል መደበቅ አይበቃም። ይህን ፈትናችሁ ስታበቁ ከማስገቢያ ቦታዎቹ በስተቀር ሴሎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ ፋይሉን ተንታኞች ሊያነቡት እንጂ ሊለውጡት በማይችሉበት ፎልደር አኑሩ፣ የቨርዥን ቁጥሩም በሚታተመው ገጽ ላይ ይውጣ።

ከፈቃድ በኋላ

የመከታተያ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ በአንድ ወገን ፍላጎቱ፣ በሌላው የፈተነው ገጽ። ባዶ ረድፍ ካለ ሥራው አላለቀም። ከዚያ አጭር ሪፖርት ጽፋችሁ የጥራት ማረጋገጫ ክፍሉ ሲፈርም ሲስተሙ ሥራ ይጀምራል፤ ከፊርማው በፊት ባለው ቀን የተሠራ ምርመራ ባች ማስለቀቅ አይችልም።

ገምጋሚው ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የዚያን ውጤት የለውጥ መዝገብ ያንብብ፤ በእጅ የተስተካከለ ፒክ ካለ ምክንያቱን ይጠይቅ። ሥራ የለቀቀ ሰው ስም በዚያው ቀን ይዘጋ እንጂ አይሰረዝ። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ በለውጥ ቁጥጥር በኩል ይለፍ፤ ምን እንደሚነካ አይታችሁ የሚነካውን ብቻ እንደገና ፈትኑ። በዓመት አንድ ጊዜ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር፣ ልዩነቶቹንና የቅጂ መመለስ ፈተናውን ከልሱ።

ሲስተሙ ጡረታ ሲወጣ ዳታው አብሮ አይወጣም። ዳታውን ወደ አዲሱ ካዛወራችሁ ጥቂት የቆዩ ክሮማቶግራሞችን በሁለቱም አስልታችሁ ቁጥሩ አንድ መሆኑን አሳዩ። ካልተዛወረ ግን አሮጌው ሶፍትዌር የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ከነፈቃዱ፣ ከኔትወርክ ተነጥሎ፣ ሰነዶቹ እንዲቆዩ የተወሰነው ዘመን እስኪያልቅ ይቀመጥ። በየስድስት ወሩ አንድ ፋይል እየከፈታችሁ ሞክሩት።